«ወሬ የለንም» ያልን ሦስት ሰዎች

ሻይ ቤት ስትገቡ የት ነው የምትቀመጡት? ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ ሰው መስኮት ይወዳል፤ አላፊ አግዳሚውን ሊያማ ነው። አንዳንዱ ከጓዳው በር አጠገብ ይሰየማል፤ የሚወጣውን ሳህን ቀድሞ ሊያይ ነው። ገብቶ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ዓይኑን ለበር የሚሰጥ ሰው ካያችሁ ግን ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ወታደር ነበር፣ ወይ ሁለት ሚስት አለው።

እኔ ሚስቴ አንድ ናት።

ሰሞኑን አንድ የጎረቤት ልጅ ሲያጫውተኝ፣ በውጭ አገር ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ተራራ ያስወጧቸዋል፣ ጀልባ ያስቀዝፏቸዋል፣ ዱር ወስደው ድንኳን ያስተኟቸዋል አለኝ። መንፈሳቸው እንዲረጋጋ፣ ከሰው ጋር ተመልሰው እንዲግባቡ ነው አሉ። እንድገረም ጠብቆ ነበር። አልተገረምኩም። እኛ በደርግ ጊዜ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ይኸንኑ አድርገነዋል። ልዩነቱ፣ እነሱ ለዕረፍት መሄዳቸውን ያውቃሉ። እኛ ፍየል ልንገዛ የሄድን መስሎን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምሥራቅ ግንባር የተመለስን ሦስት ሰዎች ነበርን። እኔ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ እግሬ ውስጥ ፍንጣሪ ይዤ በቦርድ ተሰናበትኩ። ግርማ ታንከኛ ነበር፤ ጆሮው ግማሽ በግማሽ እዚያው ቀርቷል፣ ስለዚህ «እንደምን አደራችሁ» ሲል ሰፈሩ በሙሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሦስተኛው ሃምሳ አለቃ ደምሴ ነው። ደምሴ ምኑም አልተነካም። ሙሉ ሰው ሆኖ ነው የመጣው፤ አያወራም እንጂ።

ውሏችን እትዬ ዘይነባ ሻይ ቤት ነበር። እትዬ ዘይነባ ከወሎ፣ ከባቲ የመጡ ሴት ናቸው። ሻይ ቤታቸው ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። መስኮት የሌለው ግድግዳ አንድ ብቻ ነው፣ እኛ ደግሞ ሦስት ነን። ስለዚህ ጠዋት ማን ቀድሞ መሐሉን ይይዛል ብለን እንሽቀዳደም ነበር። ከዚያ ሦስታችን በተርታ ተደግፈን በሩ ላይ እናፈጣለን። አሁን እናንተ ሻይ አምሯችሁ ብትገቡና ሦስት ሰዎች ሳይስቁ ዓይን ዓይናችሁን ቢያዩዋችሁ ምን ታደርጋላችሁ? በዚያ ዘመን? የከባድ መኪና ሾፌሮቹ ሳይቀሩ የደኅንነት ሰዎች መስለናቸው ከበር መመለስ ጀመሩ።

ባቡሩስ? ባቡሩ አዋሽ ሲገባ ይጮሃል። ምን ያድርግ፣ ባቡር ነው። እሱ በጮኸ ቁጥር እኛ ጠረጴዛ ሥር ነን። ግርማ እንኳ ጆሮው ሳይሰማ እኛን አይቶ ይወርዳል። በሁለት ወር ውስጥ ያልሰበርነው ብርጭቆ የተሰነጠቀው ብቻ ነበር። እትዬ ዘይነባ «ያ ረቢ» ይላሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ሌላ ሻይ ያመጣሉ። አገር ያስከበረን ጀግና «ውጣልኝ» ማለት ያኔ ራስን ለቀበሌ ማቅረብ ነው።

የደምሴ ነገር ግን ከብርጭቆ የባሰ ነበር። ሚስቱ አሰለፈች አንድ ወንድም ነበራት፤ ጌታሁን ይባላል። ከደምሴ ጋር በአንድ ባቡር ነው የዘመቱት። ስትሸኛቸው እዚያው ጣቢያ ላይ «ወንድሜን አደራ» ብላዋለች፤ እሱም «ይዤው እመለሳለሁ» ብሏል። ብቻውን ሲመለስ የት አለ ብላ ጠየቀችው። «ሌላ ጦር ክፍል ተዛወረ» አላት። ያችን ብሎ አፉን ዘጋ። እሷ ምን ታድርግ? አመነች። ወታደር የጫነ ባቡር በመጣ ቁጥር ዳቦ ቆሎዋን በከረጢት ይዛ ጣቢያ ትወጣለች፣ በየፉርጎው «ጌታሁን የሚባል አለ?» ትላለች፣ ትመለሳለች። ደምሴ ከግድግዳችን ሥር ሆኖ በበሩ በኩል ያያታል። እኛም እሱን እናያለን። ጌታሁን መሞቱን ሳይነግረን አውቀናል፤ እንዴት እንደሞተ ግን ጠይቀነው አናውቅም። ሆድ ይፍጀው ይባላል አይደል? እኛም ለሆድ ትተነው ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ ጠሩንና፣ ወተት የሚያመጣላቸው አፋሩ አሊ ከአዋሽ ቁልቁል ወርዶ ሰባት ፍየል ሊገዛላቸው መሆኑን፣ መንገዱ ግን እንደሚያሰጋቸው ነገሩን። እናንተ ወታደሮች ናችሁ፣ ብትጠብቁልኝ፣ አላህ ይስጣችሁ አሉ። ደረታችን ተነፋ። ከተመለስን ጀምሮ የምናስፈልገው ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣን፣ የጉዞው ምክንያት «ፍየል» ተብሎ ተጻፈ፣ ገደሉን ወረድን።

አሊን ልንገራችሁ። ቀጭን ነው፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጁን እዚያ ላይ ይሰቅላል፣ ሲሄድ መሬቱን የሚረግጥ አይመስልም። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ ለጄኔራልም ለሕፃንም «አንተ» ነው የሚለው። እኛ እሱን ከፊትና ከኋላ አጅበን ልንሄድ ዕቅድ አወጣን። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እሱ ሩቅ ሆኖ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት አፋሮች ከፊታችን መጡ። አሊ ቆመ፣ ሰላምታ ተለዋወጡና ቁጢጥ አሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ከዚያ ተራው ይዞራል። ሣሩ፣ ውኃው፣ በሽታው፣ የተጣላው፣ የታረቀው፣ የወለደችው፣ የሞተው። ይህን ዳጉ ይሉታል። አፋር መንገድ ላይ ሰው አግኝቶ ያየውን የሰማውን ሳይናገር፣ የዚያንም ሳይሰማ ማለፍ ነውር ነው። ውሸት መጨመር ደግሞ የባሰ ነውር። ያኔ ይህን የት አውቀን? ጨርሰው ወደ እኛ ዞሩ። አሊ ከየት መጣችሁ፣ ምን አያችሁ፣ ምን ሰማችሁ ይሏችኋል አለን።

እኛ በምን የተኮተኮትን ሰዎች ነን? ያየኸውን አትናገር፣ የሰማኸውን አትድገም። ሦስታችን ቀጥ ብለን ቆምን። እኔ ነኝ የመለስኩት፣ እናቴን፦ «ወሬ የለንም» አልኩ።

ሰዎቹ አሊን አዩት። አሊ መሬት መሬት አየ። ከዚያ አንድ ነገር ነገራቸውና ፊታቸው ራራ፤ ከያዙት ቅል ወተት ቀድተው ሰጡን። ከዚያ በኋላ ያገኘነው መንገደኛ ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ጀመር። እኛ ወሬ የለንም እንላለን፣ አሊ አንድ ነገር ይላል፣ ወተት ይመጣል። ዝናችን ቀድሞን የደረሰ መስሎን ኮራን። በሁለተኛው ቀን ማታ ላይ ምን እያልክ ነው የምትነግራቸው ብለን ጠየቅነው። «ታመው ነው እላለሁ» አለ።

ተቆጣን። እንዴት ጤነኛ ሰዎችን ታመዋል ይላል? በነገታው ጠዋት ቁጣችን ሳይበርድ አንዲት ከርከሮ ልጆቿን አስከትላ ከቁጥቋጦ ወጣች። እውነቱን ልናገር? ሦስት ዘመቻ ያየን ጀግኖች አንድ ግራር ላይ ነበርን። የግራር እሾህ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አሊ አንዲት ጠጠር አንስቶ ወረወረ፣ ከርከሮዋ ሄደች። ዛፍ ከመውጣት መውረዱ ከባድ ነው፤ ግርማ በጩኸት እሾህ እየቆጠረ ወረደ። ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ሰማን። ደምሴ እየሳቀ ነበር። ቅርንጫፉን እንዳቀፈ፣ እንባው እስኪወርድ። ከተመለሰ ጀምሮ ሲስቅ አይተነው አናውቅም። እኔና ግርማ እሾሁን ረስተን ቆመን አየነው፤ ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

እኩለ ቀን ላይ ፍየሎቹ ካሉበት ደረስን። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፣ ጢማቸው በሂና ቀልቷል። በጥላ አስቀመጡን፣ ውኃ ሰጡን፣ ከዚያ ያው ጥያቄ መጣ። እኛም ያው መልስ። ሽማግሌው አሊን ረጋ ብለው አናገሩት። ወሬ ለሌለው ሰው ፍየል አይሸጡም አሉ። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ ያልተናገረ ሰው ለእሳቸው ገና አልመጣም፤ ላልመጣ ሰው ምን ይሸጣሉ?

እትዬ ዘይነባን አስቤ እኔ ጀመርኩ። የሬዲዮ ሰው አይደለሁ? የስኳሩን ወረፋ፣ የባቡሩን መዘግየት፣ የፍንጣሪዬን ታሪክ ዘረገፍኩት። ግርማም ታንኩን ከነድምፁ አወራ፤ ፍየሎቹ ደነገጡ። ተራው ደምሴ ላይ ደረሰ። ሊዘለው ነው ብዬ ልናገርለት ስል፣ «ልጅ ሞቶብኛል» አለ። «የሚስቴ ወንድም። ውኃ ቅዳ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።»

እኛ ብንሆን ምን እንላለን? አይዞህ፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው፣ ተወው በቃ። ሽማግሌው እንዲህ አላሉም። ጠየቁ። ጉድጓዱ የት ነው? ጥልቅ ነው? ውኃው ጣፋጭ ነበር ወይስ ጨው ያለበት? ልጁ ሲሄድ ምን ይዞ ነበር? ደምሴ አንድ በአንድ መለሰ። አምስት ኮዳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር። እንደ ባለ ቃጭል ከብት ነው የምሄድልህ ብሎ እየሳቀ ነበር። ሦስቱን ሞልቶ አራተኛውን ሲይዝ መድፍ ወደቀ። ማን ቀበረው? እኔ። ምልክት አደረግህበት? ኮዳዎቹን። አሊ ያስተረጉማል፣ ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ ቃል በቃል ይይዛሉ። ሐዘን ሳይሆን አደራ የሚቀበሉ ነበር የሚመስሉት። ደምሴ እንባው ይወርዳል፣ መልሱ ግን አልተቋረጠም።

በመጨረሻ እህቱ ሰምታለች ወይ ብለው ጠየቁ። አልሰማችም። ሽማግሌው ያን ጊዜ ብቻ ፊታቸው ተለወጠ። አሊ የተረጎመው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦

«ወሬው ያንተ አይደለም። ባለቤት አለው። አድርስ።»

ፍየሎቹን ሸጡልን። አንድ ጨመሩልን።

ስንሄድ ሦስት ቀን የፈጀብንን ስንመለስ በሁለት ቀን ገሰገስነው። ደምሴ ከፊት ነው፤ አሊ እንኳ አንድ ጊዜ ቀስ በል ብሎታል። መንገዱን ሙሉ እንዴት እንደሚነግራት ሲለማመድ ነበር፤ እኔ አሰለፈችን ሆኜ እጠይቀዋለሁ፣ ግርማ «አልተሰማም፣ ድገመው» ይላል። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ስለዚህ ንጋት ላይ የሰፈር ሽማግሌ አስከትለን፣ እትዬ ዘይነባን ጨምረን ቤቷ ሄድን።

አሰለፈች ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ አብጧል። ለካ እኛ ፍየል እየነዳን ነው፤ ወሬ ፍየል አይነዳም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል የሚባለው? ገደሉን ወጥቶ ከእኛ በፊት አዋሽ ገብቷል። ወተት የሚያመጡት የአፋር ሴቶች ትናንት ነግረዋታል፤ ከነጉድጓዱ፣ ከነኮዳው፣ አንድ ቃል ሳይጎድል።

ደምሴ የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት። እሷ ነች የረዳችው።

«ሰምቻለሁ» አለች። «አንተ ደግሞ ንገረኝ።»

ነገራት። ቆሞ፣ ዓይኗን እያየ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። የላከው እሱ መሆኑንም አልዘለለም። ሰፈሩ አለቀሰ፣ እኛም በወጉ አለቀስን። ከዚያ አሰለፈች ተነሥታ ገባች። ከረጢቷን ይዛ ወጣችና ዳቦ ቆሎውን ለሦስታችን በእፍኝ በእፍኝ ዘገነችልን። «ብሉ» አለች፤ «ለወታደር የተሠራ ነው።» የደምሴን ስትሰጠው እጁን ያዘችው፤ ቶሎም አልለቀቀችውም። እኔ ብዙ ድል ሰምቻለሁ፤ በሬዲዮ ያስተላለፍኩትም አለ። እንደዚያች ጠዋት ያለ ድል ግን አላየሁም።

ከዚያ ወዲያ ባቡሩ ይጮሃል፣ ደምሴ ወሬውን ለማሰማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል እንጂ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ የለም። መሐል ቤት ነው የምንቀመጠው። እትዬ ዘይነባ አሁን ደግሞ የእናንተን ወሬ የሚሰማ ሁሉ አልነሣ ብሎ ወንበር ጠፋ ይላሉ። አሊን አንድ ቀን፣ ለመሆኑ ጠባቂ ያስፈለገህ ምን ፈርተህ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። እትዬ ዘይነባ ለሱ የነገሩት ሌላ ነበር፦ ሦስት ልጆች ታመውብኛል፣ ወስደህ አንሸራሽርልኝ፣ ከአገርህ ሰዎች ሰባት ፍየል እገዛለሁ።

ሆድ ይፍጀው ያላችሁትን ነገር እስቲ ዞር ብላችሁ እዩት። እሱ ነው ሆዳችሁን የሚፈጀው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይነቅዛል፣ እኔ አይቻለሁ።

ከዓመታት በኋላ በጭነት መኪና ወደ አሰብ ስወርድ፣ ዛሬ ሰመራ የምትባለው ከተማ ካለችበት ላይ ለውኃ ቆምን። ያኔ ጥቁር ድንጋይና ንፋስ ነው ያለው። አንድ የማላውቀው የአፋር አዛውንት ግመሉን ይዞ መጣ፣ እግሬን አየ፣ አነካከሴን አየ።

«አንተ» አለኝ፣ «ወሬ የለንም ካሉት ሦስቱ አንዱ ነህ?»

ወሬው ይኼን ሁሉ አገር አቋርጦ! አዎ አልኩ፣ ምን እላለሁ። ያ ያለቀሰው ሰውዬ አሁን እንቅልፍ ይተኛል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ድንጋይ ላይ ቁጢጥ አልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩለት። ሾፌሩ ጡሩንባውን ሦስት ጊዜ ነፋ። ዘወር ብዬም አላየሁት።