ሳጥን ሙሉ ማንጎ ያበሰለችብኝ አንዲት ማንጎ

እኔና አለሙ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ማንጎ መለየት ነበር። እሱ ጥሬውን ወደ ግራ፣ እኔ የበሰለውን ወደ ቀኝ።

ዛሬ መተማ ዮሐንስ የሳቀብኝም በዚያው ማንጎ ነው። ቁጭ በሉና አንብቡኝ!

መጀመሪያ ስለ ሳጥኑ። ባሌ አለሙ ከአንድ የግብርና ሥልጠና ሲመለስ ግድግዳው በሽቦ መሀል ከሰል የታጨቀበት ትልቅ ሳጥን ሠራ። ከሰሉን ጠዋትና ማታ ውኃ ታጠጡታላችሁ፤ ንፋሱ ሲያልፍበት ውስጡ ይቀዘቅዛል። በእኛ ቆላ ሙቀት በአራት ቀን የሚበስል ማንጎ እዚያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

አንድ ሕግ ብቻ አለው። የበሰለ ከጥሬ ጋር አይገባም! "የአንዲት የበሰለች ትንፋሽ ሰፈሩን ያበስላል" ይል ነበር። ለጎረቤት፣ ለእንግዳ፣ ለንስሐ አባታችን ሳይቀር።

ያን የመጨረሻ ቀን አብረን ስንለይ ግን ጫፏ ቢጫ ያለ ማንጎ አንስቶ "ይችን ለነገ ቁርሴ አስቀምጭልኝ" አለኝ።

በማግስቱ ቁርስ ሳይበላ ወጣ። ከእርሻ ሬሳው መጣ። ልቡ ነው አሉ።

ማንጎዋን ምን ላድርጋት? መብላት አልቻልኩም። መጣልማ እንዴት ተደርጎ! በጋዜጣ ጠቅልዬ ሳጥኑ ጥግ ደበቅኋት።

ከአሥራ ሁለተኛው ቀን መታሰቢያው በኋላ ሥራ ጀመርኩ። ገለጉ ከተማ የሚነግዱት ጋሸ ሙላት ሳጥን ሙሉ ጥሬ ማንጎ አዘዙኝ። በራሴ ስም የመጣልኝ የመጀመሪያው ትእዛዝ!

"መንገዱ ክፉ ነው፤ የበሰለ ከሆነ ጭማቂ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ካልሆነልሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፣ እህቴ።"

የጭነት መኪናቸው በሳምንቱ እስኪመጣ ሳጥኑን ሞላሁት። የጋዜጣዋ ጥቅልስ? እዚያው ጥጓ ላይ! አንዲት ማንጎ ምን ታመጣለች አልኩ። የአለሙ ሚስት ነኝ እኮ!

ዛሬ ጠዋት አይሱዙው መጣ። ሰው ተሰበሰበ። በኩራት ከፈትኩት።

ቢጫ!

ሽታው ንብ ይጠራል።

"እህቴ፣ ጥሬው ይሄ ከሆነ የበሰለውን አሳይኝማ" አሉ ጋሸ ሙላት።

ከሰሉ ነው አልኩ። ከዚያ ሙቀቱ ነው አልኩ። ከዚያ እርስዎ ዘግይተው ነው ብዬ ራሳቸውን ወነጀልኳቸው። ይታያችኋል?

ጎረቤቴ እትየ ጥሩ ግን አፍንጫቸውን ተከትለው እጃቸውን ሰደዱና ጋዜጣውን አወጡ። ጭማቂው በክርናቸው ወረደ።

"የአለሙ ቁርስ ናት" አልኩ።



"አይ አንች! ያ ሰውየ ስንት ዓመት ሲለፈልፍ አገር ሁሉ ሰማ፤ ሚስቱ ብቻ ሳትሰማ ቀረች!" አሉ እትየ ጥሩ።

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔው ነኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ ገና ዛሬ መሳቄ ነው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተከተለኝ።

ጋሸ ሙላት አንዱን ማንጎ አንስተው ጫን ጫን አደረጉት። "ገለጉ ባይደርስ እዚህ ቅርብ ኮኪት ይደርሳል። ለአረም የመጣው ሠራተኛ ሞልቷል፤ እስከ ማታ ያልቃል። የገለጉን ለሳምንት አዘጋጅልኝ። ቁርስ ሳትጨምሪ!" ወደ ሾፌሩ ዞሩ። "ተማም፣ ጫን!"

ለሳምንት! ሌላ ሰው አልፈለጉም። እፎይ!

የአለሙን ማንጎ ፍሬ ጓሮ ተከልኳት። አሁን ለገለጉ የሚሆነውን ማንጎ እየለየሁ ነው። ጥሬውን ወደ ግራ፣ የበሰለውን ወደ ቀኝ፤ ሁለቱንም እኔው።