በፕላስተር የታፈነው ስልክ

ዛሬ ጠዋት የአዲሱን ስልኬን ግንባር በጥቁር ፕላስተር ለጠፍኩት። የአሶሳ ቀይ አቧራ በላይኛዋ ጠባብ ስንጥቅ እንዳይገባ ብዬ ነው። ትስቃላችሁ? ሪሞት በፌስታል የምትጠቀልሉ፣ የሶፋውን ላስቲክ ሳታነሱ ልጅ የምትድሩ እናንተ አይደላችሁም? እኔ እንግዲህ የማኅበራችሁ ሊቀመንበር ነኝ።

ረፋድ ላይ ትናንት የወለደችው ልጄ ከካማሺ ደወለች። ሳነሳው መስታወቱ ጠቆረ፤ ድምጿም ከጉድጓድ የሚመጣ መሰለ። የምትለው ባይገባኝም "እሺ፣ እሺ" አልኳት።

ስልኩን ይዤ የስልክ ዕቃ ወደምትሸጠው ጎረቤቴ ወደ ሐዋ ሄድኩ። ፕላስተሩን በጥፍሯ እየላጠች፣ "አባባ፣ የሰው ዓይንና አፍ አፍነው አዋራኝ ይሉታል?" አለችኝ።

ከዚያ በራሷ ስልክ ደወለችልኝና አነሳሁት። መዳፏን ወደ ግንባሩ ስታስጠጋ መስታወቱ ይጠፋል፤ ስታርቅ ይበራል። ለካስ ከጥቁሩ መስታወት ሥር ብርሃን የምታይ ዓይን ተደብቃለች፤ ድምፁም የሚወጣው በዚያችው ስንጥቅ ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔ የማውቀው መጋረጃ ሁሉ ይከለክላል፤ ይህኛው ግን ጓዳውን እየሸሸገ ብርሃንና ድምፅ ያሳልፋል። ይህን ያሰበ ሰው ምን ዓይነት ልብ ቢሰጠው ነው?

እዚያው ቆሜ ለልጄ ደወልኩ። አሁን የሕፃኗ ትንፋሽ እንኳ ይሰማል።

"አባዬ፣ ስም አውጣላት ብልህ እሺ፣ እሺ ብለህ ዝም አልክ። ታዲያ 'እሺ' ብለን እንጥራት?"

"እስከ ማታ ታገሺኝ" አልኳት።

ይኸው መሽቷል። የልጅ ልጄ ስም ግን እስካሁን አለብኝ።