የሾፌሩ አምስት ኪሎ ሜትር

[እሁድ ረፋድ ላይ። ሰው አገር ነው። በሽታው ሁሉንም በየቤቱ ካስቀመጠ ሰባተኛ ሳምንቱ ነው፤ ማንም ከቤቱ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ተከልክሏል። ባዶ በሆነ የገበያ አዳራሽ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አንዲት ታክሲ ቆማለች። መሪው ላይ ሾፌሩ ተቀምጧል። አጠገቡ የታናሽ እህቱ ባል፣ ልብስ ሰፊው አለ። የሚኖሩት በአንድ ቤት ነው። ልብስ ሰፊው ጉልበቱ ላይ የተቀቀለ እንቁላል የያዘ ሳህን አስቀምጧል።]

ልብስ ሰፊው፦ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በል፣ ወንድም ጋሼ። እዚያ ዛፉ ሥር። ፀሐዩ በእኔ በኩል ነው የሚገባው።

ሾፌሩ፦ አልልም።

ልብስ ሰፊው፦ ሃያ እርምጃ ብትሆን ነው።

ሾፌሩ፦ ቆጣሪውን አየኸው? አራት ነጥብ ዘጠኝ ይላል። የቀረችን መቶ ሜትር ናት። እሷን ደግሞ ለክፉ ቀን ነው የማስቀምጣት።

ልብስ ሰፊው፦ ምን ዓይነት ክፉ ቀን?

ሾፌሩ፦ ፖሊስ መጥቶ "ከዚህ አንሳው" ቢለኝ ወዴት እሄዳለሁ? ወደ ፊት መቶ ሜትር አለችኝ። አንተ ለጥላ ብለህ ካባከንካትስ?

ልብስ ሰፊው፦ ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም?

ሾፌሩ፦ ወደ ኋላም ይቆጥራል። ቆጣሪ የሄድክበትን እንጂ ፊትህ ወዴት እንደዞረ አይጠይቅም።

ልብስ ሰፊው፦ [አስቦ አስቦ] እንደዚያ ከሆነ ወደ ቤት ስንመለስም ይቆጥራል ማለት ነው። ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አይሆንም?

ሾፌሩ፦ መመለስ አይቆጠርም።

ልብስ ሰፊው፦ ቆጣሪው ይህን ያውቃል?

ሾፌሩ፦ እኔ አውቃለሁ፣ ይበቃዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሪ ላይ ተቀምጬ ርቀት አንተ ታስተምረኝ?

ልብስ ሰፊው፦ እሺ፣ እኔ ብቻዬን ወርጄ ወንበሬን ዛፉ ሥር ዘርግቼ ልቀመጥ።

ሾፌሩ፦ ከቤት ውጭ መቀመጥ ክልክል ነው። የተፈቀደው መንቀሳቀስ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ አሁን ተቀምጠን የለም እንዴ?

ሾፌሩ፦ መኪና ውስጥ መቀመጥ ሌላ ነው። መኪና የተሠራው ለመሄድ ስለሆነ ቆመህም እንደሄድክ ይታሰባል። ይልቅ እንቁላሉን ወዲህ በል። [ይገምጣል፣ ፊቱ ይጨማደዳል] ይሄ ነገር ምን ምን ይላል?

ልብስ ሰፊው፦ ሳሙና ነው። ከሱቅ የገባ ነገር ሁሉ ሃያ ሰከንድ በሳሙና ይታጠብ አላልክም?

ሾፌሩ፦ ብያለሁ። ልጠህ ነው እንዴ ያጠብከው?

ልብስ ሰፊው፦ ሳይላጥም አጥቤዋለሁ። ከላጥኩት በኋላ ግን እጄ ነክቶታል ብዬ ደገምኩት።

ሾፌሩ፦ ዳቦውስ የት አለ?

ልብስ ሰፊው፦ ሳጥበው ፈረሰ።

ሾፌሩ፦ [እንቁላሉን አስቀምጦ] እህቴ ከአንተ ጋር እንዴት ነው የምትኖረው? ተወው በቃ። ሽርሽር ወጥተሃል፣ ዙሪያህን ተመልከት። በስተቀኝህ የምታየው የጎማ መጋዘን ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ባለፈው እሁድም አይቼዋለሁ።

ሾፌሩ፦ በስተግራህ የመኪና ማጠቢያ። ተዘግቷል።

ልብስ ሰፊው፦ ባለፈው እሁድም ተዘግቶ ነበር።

ሾፌሩ፦ ፊት ለፊትህ ደግሞ የገበያ ጋሪዎቹ ተደርድረዋል።

ልብስ ሰፊው፦ አንድ ጎድሏል።

ሾፌሩ፦ [ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ] የታለ?

ልብስ ሰፊው፦ ባለፈው ሃያ ሦስት ነበሩ። ዛሬ ሃያ ሁለት ናቸው።

ሾፌሩ፦ አየህ? አዲስ ነገር አየህ ማለት ነው። ሽርሽር ይሉሃል ይኸው ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ለዚህ ለዚህ ቤት ብንቀመጥ አይሻልም ነበር?

ሾፌሩ፦ ሚስትህ ሌሊቱን የሆስፒታል ወለል ስታጸዳ አድራ ነው የገባችው። አንተ የስፌት መኪናህን እየረገጥክ እንዴት ትተኛልሃለች?

ልብስ ሰፊው፦ እሷ እንኳ የስፌት መኪናው ድምፅ እንቅልፍ ያመጣልኛል ነው የምትለው። የሚነሳኝ ወንድሜ ነው ትላለች።

ሾፌሩ፦ እኔ ምን አደረግኩ?

ልብስ ሰፊው፦ በሯ ላይ ቆመህ በየትኛው ጎን መተኛት እንዳለባት ታስረዳታለህ።

ሾፌሩ፦ በግራዋ ስትተኛ ስላየኋት ነዋ።

ልብስ ሰፊው፦ [ሌላ እንቁላል እየላጠ፣ ቃል እየመረጠ] ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው በሥጋ ዘመዱ ሲቀየም፣ ቅያሜው ስንት ጊዜ ነው የሚቆየው?

ሾፌሩ፦ እንደ ነገሩ ነው። ምን ተባባሉ?

ልብስ ሰፊው፦ ትንሽ ነገር ናት። ሳታስበው አንድ ቃል አመለጣት።

ሾፌሩ፦ [ወደ እሱ ዞሮ] ገባኝ።

ልብስ ሰፊው፦ ገባህ? ተመስገን።

ሾፌሩ፦ ከሚስትህ ጋር ተኳርፋችኋል።

ልብስ ሰፊው፦ ኧረ እኔ...

ሾፌሩ፦ አትከራከረኝ። እህቴ ናት፣ አውቃታለሁ፣ ቃል ያመልጣታል። ለመሆኑ ስንት ጊዜያችሁ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ኩርፊያው ሰባት ሳምንት ሆኖታል፣ ግን...

ሾፌሩ፦ ሰባት ሳምንት፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ እኔ እያለሁ? ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ? ሰው ነገ መኖሩን በማያውቅበት ጊዜ ኩርፊያህን ታቅፈህ ትተኛለህ? ስማኝ አማቼ፣ የሚወድ ሰው ቀድሞ ይሄዳል። ትነሳለህ፣ ትሄዳለህ፣ በሯን ታንኳኳና "መጣሁ" ትላለህ። ሌላ ምንም አይጠበቅብህም።

ልብስ ሰፊው፦ [ዓይኑ እንባ ሞልቶ] እንዴት ጥሩ አድርገህ ተናገርከው። በል እንሂድ።

ሾፌሩ፦ ወዴት?

ልብስ ሰፊው፦ እትዬ ጋ ነዋ።

ሾፌሩ፦ ታላቅ እህቴን ደግሞ በባልና ሚስት ጉዳይ ምን አገባት? ብትፈልግስ እንዴት አድርጌ አደርስሃለሁ? እትዬ ያለችው ሰባት ነጥብ ሦስት ላይ ነው። ስንት ሺህ ጊዜ ነድቼበታለሁ። ከዚህ ትነሳና አደባባዩን ትዞራለህ፣ የባቡር ሐዲዱን በትልቁ ድልድይ ትሻገራለህ፣ ከዚያ መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ሰፈሩን በሙሉ ዞረህ ነው በሯ ላይ የምትደርሰው። በሕልሜ ሳይቀር እነዳዋለሁ። [ድምፁ ዝቅ ይላል] እናታችን ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እዚህ አገር ያመጣችኝም እሷ ናት። አሁን ስደውልላት "ደህና ነኝ፣ እሺ" ትልና ትዘጋዋለች። ድምፅዋ ተለውጦብኛል። ታማ ደብቃኝ ይሆን እላለሁ። ሳላያት አንድ ነገር ብትሆንብኝ ምን ይውጠኛል? ፈርቻለሁ፣ አማቼ። እውነቱን ነው የምነግርህ።

ልብስ ሰፊው፦ [እንቁላሉን ሳህኑ ላይ መልሶ] ታዲያ አላኮረፍካትም?

ሾፌሩ፦ ማንን?

ልብስ ሰፊው፦ እትዬን። ለመጨረሻ ጊዜ ስታደርሳት "አነዳድህ ያጥወለውለኛል፣ ከእንግዲህ በአውቶቡስ ነው የምሄደው" አላለችህም?

ሾፌሩ፦ ብላለች። ያጥወለወላት ግን አነዳዴ ሳይሆን ኋላ ተቀምጣ በጎን በኩል ማየቷ ነው። እሱንም አስረድቻታለሁ። ለዚህ ደግሞ ማን ያኮርፋል? ለመሆኑ ለአንተ ማን ነገረህ?

ልብስ ሰፊው፦ ራሷ ናት። ሐሙስ ዕለት።

ሾፌሩ፦ በስልክ?

ልብስ ሰፊው፦ አይ፣ በረንዳዋ ሥር ቆሜ።



ሾፌሩ፦ ሐሙስ ሐሙስ ማስክ ላደርስ ነው ብለህ አይደል የምትወጣው?

ልብስ ሰፊው፦ ለእሷ ነዋ የማደርሰው። ለፎቁ ሰዎች ታድላለች። እሷ ገመድ ትለቃለች፣ እኔ አስራለሁ፣ እሷ ትስባለች።

ሾፌሩ፦ ሰባት ሳምንት ሙሉ ሕግ ስትጥስ ነበር?

ልብስ ሰፊው፦ የምን ሕግ? ከቤታችን ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው።

ሾፌሩ፦ ሰባት ነጥብ ሦስት።

ልብስ ሰፊው፦ በቀጥታ ሲለካ ነው የምልህ።

ሾፌሩ፦ በቀጥታ የሚሄድ መንገድ የለም። አንተ በጣራ ላይ ነው የምትሄደው?

ልብስ ሰፊው፦ በእግሬ ነው የምሄደው። ሕጉ ግን ስለ መንገድ አያወራም። ደረጃው ሥር የተለጠፈውን አላነበብከውም? "ከመኖሪያ ቤት በቀጥታ መስመር" ይላል። እኔ ቋንቋቸውን በጣቴ እየተከተልኩ ስለማነብ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ ግን ጨረስኩት።

ሾፌሩ፦ ማስታወቂያ የሚያነብ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ ከራዲዮ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውየው አምስት ኪሎ ሜትር ነው ያለው።

ልብስ ሰፊው፦ ቀጥሎም የተናገረው ነገር ነበር። አንተ ግን አምስት ኪሎ ሜትር ሲል ሰምተህ ለእኛ ማስረዳት ስለጀመርክ የቀረውን ማናችንም አልሰማነውም።

ሾፌሩ፦ [መሪውን በሁለት እጁ ይዞ] ቀጥታ መስመር።

ልብስ ሰፊው፦ ካርታው ላይ ሜትሬን ዘርግቼ ለካሁት። የደንበኛዬን እጅጌ ስለካ በሸሚዙ መጨማደድ ውስጥ እየገባሁ እየወጣሁ አልለካም። ከትከሻ እስከ አንጓ ቀጥ አድርጌ ነው የምስበው።

ሾፌሩ፦ ታዲያ ምነው አልነገርከኝ?

ልብስ ሰፊው፦ አንተን? አንተ የማታውቀው ነገር ይኖራል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ያኮረፍክ ነው የመሰለን፤ እኔም፣ ሚስቴም፣ እትዬም። እንዳይብስብህ ብለን አውቶቡስ የሚለውን ቃል እንኳ ፊትህ አናነሳም።

ሾፌሩ፦ ስልክ ላይ የምታሳጥረው ለዚህ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ሌላ ቃል እንዳያመልጣት ፈርታ ነው። በተለይ እሁድ እሁድ ይብስባታል።

ሾፌሩ፦ እሁድ ምን አለ?

ልብስ ሰፊው፦ ታየናለቻ።

ሾፌሩ፦ ከየት ሆና?

ልብስ ሰፊው፦ ከማድ ቤቷ መስኮት። ይሄ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ፎቅ የእሷ ነው።

ሾፌሩ፦ [አንገቱን አውጥቶ ያያል] አንተ ሰውዬ፣ የእትዬን ፎቅ አጣዋለሁ? የእሷ በወዲያ በኩል ነው። ሰፊ መግቢያ አለው፣ ደጁ ላይ የፖስታ ሳጥኖች አሉ።

ልብስ ሰፊው፦ እሱ ፊቱ ነው፤ ይሄ ጀርባው ነው። ቤት ጀርባ አለው፣ ወንድም ጋሼ። አንተ ሰው የምታወርደው በር ላይ ስለሆነ ዞረህ አይተኸው አታውቅም። በመኪና ብዙ ነው፤ በእግር ግን ሐዲዱን በዚያች በእግረኛ መሸጋገሪያ አልፈህ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ሾፌሩ፦ አራት እሁድ ሙሉ እዚህ ቁጭ ብለን እንቁላል ስንበላ እያየችን ነበር?

ልብስ ሰፊው፦ እያየችን ነበር። ሐሙስ ዕለት "ደጄ ድረስ ይመጣና ፊቱን አዙሮብኝ ያቆማል፣ ምሳውን በልቶ ይሄዳል፤ ይህን ያህል ጨከነብኝ?" ብላ አለቀሰች። እኔም በየሳምንቱ ዛሬስ ይወርድላት ይሆናል እያልኩ ነው የምከተልህ። ዛፉ ሥር ፈቀቅ በል ያልኩህም ከመስኮቷ ሆና ፊትህን እንድታየው ብዬ ነው።

[ሾፌሩ ግንባሩን መሪው ላይ ይደፋል። ጥሩምባው ይጮኻል። ደንግጦ ቀና ይላል።]

ሾፌሩ፦ አሁን ምን ብዬ ነው ፊቷ የምቆመው?

ልብስ ሰፊው፦ ሁለት ምርጫ አለህ። አኩርፌ ነበር ብትላት፣ ይቅር በለኝ ብላ ትለምንሃለች። አላወቅኩም ነበር ብትላት ግን...

ሾፌሩ፦ ግን ምን?

ልብስ ሰፊው፦ ስትስቅ እዚህ ድረስ ይሰማል። ለጎረቤቶቿም ሁሉ ታወራዋለች።

ሾፌሩ፦ [ረጅም ጊዜ ካሰበ በኋላ] አኩርፌ ነበር ማለቱ ይሻላል።

ልብስ ሰፊው፦ እንዳልክ። ግን ሴትዮዋ ሰባት ሳምንት ስትብሰለሰል ነው የከረመችው።

[ሾፌሩ መጋዘኑን አልፎ ወደ ፎቁ ያያል። ስልኩን ያወጣል፣ ይደውላል።]

ሾፌሩ፦ እትዬ፣ እኔ ነኝ። አዎ፣ እዚሁ መኪናዬ ውስጥ ነኝ። ስሚኝማ፣ አላኮረፍኩሽም። አንድም ቀን አላኮረፍኩሽም። እኔማ... [ጉሮሮውን ይጠርጋል] አላወቅኩም ነበር። አላወቅኩም ነው የምልሽ፣ እትዬ፤ ተሳስቼ ነው። ሃሎ? [ስልኩን ከጆሮው ያርቃል] ለእሱ ስጠው አለችኝ።

ልብስ ሰፊው፦ [ተቀብሎ] አቤት፣ እትዬ። አዎ፣ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አይ፣ አያስለውም። ግንባሩን? እሺ። [መዳፉን ሾፌሩ ግንባር ላይ ያሳርፋል]

ሾፌሩ፦ ምን እያደረግክ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ [አፉን ከስልኩ አርቆ] በጤናው አላወቅኩም አይልም፣ በሽታው ይዞታል ማለት ነው አለች። ትኩሳቱን እየው፣ ሁለት ሳምንት ወደ እኔ እንዳታመጣው ነው የምትለው።

ሾፌሩ፦ ትኩሳት በመዳፍ ይለካል እንዴ? ያውም ያንተ መዳፍ እንቁላል ሲልጥ የቆየ ነው። ትኩሳት የሚለካው ከምግብ በፊት ነው፤ በብብት ከሆነ ግማሽ ዲግሪ ይጨመርበታል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰውየው አምስት ደቂቃ አፉን ዘግቶ መቀመጥ አለበት፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፣ እኔ አንድ ሐኪም አሳፍሬ...

[ልብስ ሰፊው ስልኩን ወደ ሾፌሩ አፍ አስጠግቶ ትንሽ ያሰማታል። ከዚያ ወደ ጆሮው ይመልሰዋል።]

ልብስ ሰፊው፦ እሺ፣ እትዬ። እሺ። [ስልኩን ይዘጋና በሩን ይከፍታል] ደህና ነው፣ ቶሎ አምጣው አለች።