የፈረሰ ፋብሪካ ዘበኛ

የፈረሰ ፋብሪካ የሚጠብቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሰፈር፣ እዚሁ ጎንደር፣ አያ ይማም አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የዘይት ፋብሪካው ዘበኛ ነበሩ። ፋብሪካው ከነግንብ አጥሩ ፈርሶ ሜዳ ሆኗል፤ እሳቸው ግን ዛሬም በሩ በነበረበት ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ምን እንደሚጠብቁ እኔን አትጠይቁኝ።

አንድ ጠዋት፣ በዚህ ዕድሜዬ የምማረው ትምህርት የመጨረሻ ፈተና ሊያመልጠኝ ሆነና ሜዳውን አቋርጬ ሮጥኩ።

«አንቺ! ምነው በግንቡ ትገቢያለሽ?» ብለው ጮኹ።

«የቱ ግንብ፣ አያ ይማም? ፈተና ረፈደብኝ እኮ!»

«ሥራ አስኪያጁ እንኳ በበር ነው የሚገባ!»

ከእሳቸው ጋር ከመከራከር መታዘዝ ይፈጥናል ብዬ ተመለስኩና በበሩ ገባሁ። ለፈተናውም ደረስኩ። ደግሞ ሳልፍ ጎንበስ ብያለሁ፤ በሩ ድሮም ዝቅ ያለ ነበር።