ከ«ዩኒቨርሳል» የሚሰፋ ቃል

እንግሊዝኛ ለስፋት ቃል አይቸግረውም። አንድ ነገር ሁሉን ያቀፈ ነው ለማለት ሲፈልግ ጄኔራል አለው፣ ግሎባል አለው፣ ኮምፕሪሄንሲቭ አለው፤ እነዚህ ከጠበቡት ደግሞ ዩኒቨርሳል ብሎ ከዋክብቱን ሳይቀር ይጠቀልልላችኋል። የሚገርመኝ ይህን ሁሉ ስፋት ከባለቤቶቹ ይልቅ የምንጠቀምበት እኛ መሆናችን ነው። ካላመናችሁኝ ከታክሲ ውረዱና የከተማችንን ታፔላ እያነበባችሁ በእግራችሁ ተጓዙ። «ኢንተርናሽናል» የሚባል መዋዕለ ሕፃናት ታገኛላችሁ፤ ልጆቹ ግን ሁሉም የአንድ ቀበሌ ልጆች ናቸው። «ግራንድ» የተባለው ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ሰው እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ሌላው ወንበሩን ይዞ ይቆማል። ቤቱ በጠበበ ቁጥር ቅጽሉ ይሰፋል። እኔ በዚህ አልስቅም፤ ሰው የጎደለውን በደጁ ቢሰቅል ምን ይፈረድበታል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ካዛንቺስ ውስጥ፣ እኛ መንደር፣ መልአኩ እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛ አስተማሪ በመሆኔ ሱቅ የከፈተ ሁሉ ቅጽል ፍለጋ ወደ እኔ ይመጣ ነበር።

በዚያ ክረምት ሰፈራችን ሊፈርስ ነው ተባለ። ወሬው እንኳ አላስደነገጠንም፤ ከኋላችን ያለው መንደር ፈርሶ በቆርቆሮ ከታጠረ ቆይቷል፣ ተራው የእኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያስደነገጠን ተከትሎት የመጣው ሌላ ወሬ ነው። ኮሚቴ መጥቶ ሱቆቹን ያያል፤ ምትክ ቦታ የሚሰጠው ሰፋ ያለ ሥራ ለሚሠሩት ብቻ ነው ተባለ። ማን እንዳለው ዛሬም አይታወቅም። በማግስቱ ግን ደጄ ላይ ሰልፍ ነበር።

ቀድሞ የደረሰው ፀጉር ቆራጩ በረከት ነው፤ አንድ ወንበርና ግማሽ መስታወት ያለው ልጅ። «ቲቸር፣ በቃ ከበድ ያለ ነገር፣ ማለቴ ዓለምን የሚያካልል» አለኝ። ግሎባል ሆነ። ቆሎ ሻጯ ወይዘሮ ብዙነሽ ብቻ ምንም አልፈልግም አሉ። የእሳቸውን ቆሎ በእንግሊዝኛ የሚቆረጥም ሰው አላዩም። ካርቶን ላይ በከሰል «ቆሎ አለ» ብለው ጽፈዋል፣ በቂ ነው።

በመጨረሻ ጋሽ ኸይሩ መጡ። ጋሽ ኸይሩ የላምባ ምድጃ ጠጋኝ ናቸው። ከአንድ ግቢ አጥር ጋር የተለጠፈች የቆርቆሮ ሱቅ አለቻቸው፤ ተቀምጠው እግራቸውን ሲዘረጉ እግራቸው ዋናው መንገድ ላይ ይውላል። የመንደሩ እራት ሁሉ በእጃቸው ያለፈ ነው፤ ክሩን የሚለውጡት፣ ቀዳዳውን የሚበይዱት እሳቸው ናቸው። አሁን ግን ላምባ የሚያነድ እየቀነሰ፣ የእሳቸውም ዓይን እየደከመ ነበር። የቀራቸው ከሩቅም ቢሆን ስማቸውን የሚያውቅ ደንበኛ ብቻ ነው። ያቺን ሱቅ ካጡና ምትክ ካላገኙ በዚያ ዕድሜ ማን ፈልጎ ያገኛቸዋል?

እውነቱን ለመናገር ልመልሳቸው ሞክሬ ነበር። ምድጃ ጠጋኝ ቢባል ይበቃዎታል አልኳቸው።

«ምድጃ ጠጋኝ ተብዬ ስኖር ማን አየኝ? ሁሉን የሚጠቀልለውን ስጠኝ» አሉ።

ኮምፕሪሄንሲቭን አቀረብኩ። አብሮን የነበረው ታፔላ ጻፊ፣ ይሄ ቃል ከተጻፈ የጎረቤት ግድግዳ መከራየት አለብን ብሎ ጣለው። ኤክስቴንሲቭ አልኩ፤ ጋሽ ኸይሩ ቃሉን በአፋቸው አላምጠው ሳል ይመስላል ብለው ተዉት። ዩኒቨርሳል ላይ ስንደርስ ቀና አሉ።

«ከዚህ የሚሰፋ የለም?»

ከዚህ በላይ ያለው ፈጣሪ ብቻ ነው አልኳቸው። እንግዲያው እሱን አንነካም፣ ይኼው ይበቃል ብለው ተስማሙ።

ታፔላው ቆርቆሮ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ሲሰቀል ከሱቁ በሁለቱም በኩል እንደ ጆሮ ተርፎ ወጣ። መንገደኛ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ጋሽ ኸይሩ አንዳንዴ ሥራቸውን ያቆሙና መንገዱን ተሻግረው ቆመው ያዩታል። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም፤ ያዩት የነበረው ስፋቱን ነው።

ኮሚቴው መጣ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እንዲያውም ከሚጠበቀው በላይ ትሑት ነበሩ። ሰብሳቢው ወጣት አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ታፔላ እያነበበ ይሄዳል። በረከትን ዋናው መሥሪያ ቤታችሁ የት ነው ብሎ ጠየቀው። ጋሽ ኸይሩ ጋ ሲደርስ ታፔላውን አነበበ፣ ሱቋን አየ፣ ታፔላውን ደግሞ አነበበ። ከዚያም በትሕትና አስረዳ፦ ምትክ ቦታው ለጥቃቅንና አነስተኛ የተያዘ ነው፤ ሰፊ ድርጅቶች በራሳቸው አቅም ቦታ ይፈልጋሉ።

ጋሽ ኸይሩ ሱቃቸውን ሊያሳዩት ብድግ ሲሉ ጭንቅላታቸው ከታፔላው ጋር ተጋጨ። እኔም ገባሁበት፤ ይህ እኮ ስም ብቻ ነው፣ ዓይንህ እያየ አልኩት።

«መምህር፣ ታፔላውን እኛ አልሰቀልነውም» አለ።

አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ ማለት ለዚህ ጊዜ ነው። «ምድጃ ጠጋኝ» የሚል ቢያገኝ ኖሮ ሥራው ጠባብ ነው ብሎ ቦታ ይነፍጋቸው ነበር ብዬ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። ግን መጠርጠር ቤት አይሠራም። ከመንደራችን ምትክ ቦታ ያገኙት ወይዘሮ ብዙነሽ ብቻ ናቸው፤ ጎተራ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ግርጌ።

ሰፈሩ የፈረሰ ቀን ጋሽ ኸይሩ ታፔላውን ተሸክመው ሄዱ። ታክሲ ውስጥ አልገባ ብሏቸው ነበር። ወዴት እንደሄዱ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። እኔ ቂርቆስ ቤት ተከራየሁ። በረከትን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

በሌላ ክረምት ለጉዳይ ጎተራ ሄጄ በወይዘሮ ብዙነሽ ሱቅ በኩል ሳልፍ፣ ከግድግዳቸው ጋር ዘንበል ተደርጎ የተደገፈ ቆርቆሮ አየሁ። በሰማያዊ የተጻፈው ፊቱ ወደ ታች ነው። ከሥሩ ጋሽ ኸይሩ አንድ ምድጃ ይዘው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ብዙነሽ ናቸው ጥግ የሰጧቸው። ጋሽ ኸይሩ ስለ ጤንነቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ስለ ታፔላው አንድም ቃል አላነሱም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ክሩን እያስተካከሉ፣

«ቲቸር፣ እንግሊዝኛ ለትንሽስ ምን ይላል?» አሉኝ።

ስሞል ይላል አልኩ። ሚኒ ይላል። ማይክሮ የሚልም አለው።

«ከዚህ የሚያንስ የለም?»

ዝናቡ ጀመረ። ጋሽ ኸይሩ ምድጃቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው፣ እሳቸውም ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ዩኒቨርሳል ሥር ግን ሁለት ሰው አይይዝም፤ አንዱ ትከሻዬ ይረጥብ ነበር።