ጋሽ ሀብተጊዮርጊስንና ሐጂ ጠሃን ያስታረቅሁበት ሳምንት

ከምነግራችሁ ላይ አንዲት ቃል የጨመርኩ እንደሆነ የዘንድሮ ቡናዬ አያፍራ። በማርያም ብዬ ብምል ሙስሊም ጎረቤቶቼ ይጠራጠራሉ፤ ወላሂ ብል የንስሐ አባቴ ይቀየሙኛል። ስለዚህ በሁለቱም ምያለሁ። ከዚህ የበለጠ ገለልተኛ መሐላ ካለ አምጡ።

ከሰኮሩ ወረድ ብሎ ባለችው ከተማችን አንድ የቡና አምራቾች ማኅበር አለ። ማኅበሩ ምክር ቤት አለው። ምክር ቤቱ ደግሞ ሁለት መሪ አለው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ «ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ» ይላሉ። ሐጂ ጠሃ «የምክር ቤቱ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር ነው፤ ወንበሩን ይልቀቁ» ይላሉ። ሰላምታ ከተነፋፈጉ ሰንብተዋል። የቡና ለቀማ ደርሶ የማጠቢያ ጣቢያው አልተከፈተም። በማን ትእዛዝ ይከፈት?

ታሪክ ፊቱን ወደ እኛ፣ ወደ ምክር ቤቱ ገለልተኛ ተወካዮች ያዞረው በዚህ ጊዜ ነው። ገለልተኛ ማለት ሁለቱም ወገን ያልፈለገው ሰው ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ። ይበሉ። እኔ እሱባለው በሙሉ ድምፅ ሰብሳቢ ሆኜ ስመረጥ ጭብጨባው ጅማ ድረስ ተሰምቶ፣ የጊንጆ ሰፈር ሰው ዝናብ መጣ ብሎ የተሰጣ ልብሱን አስገብቷል።

የመጀመሪያ ሥራችን ሆቴል መምረጥ ነበር። ሰላም መጋረጃ የሌለበት አዳራሽ አይገባም። ሁለተኛው ሥራችን የጣቢያውን ብቸኛ ቁልፍ መረከብ ሆነ። በጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ኪስ ከሆነ ወደ እሳቸው ያዳላል፤ በሐጂ ኪስ ከሆነ ወደ ሐጂ ያዳላል። እኔ አንገት ላይ ሲሆን ግን ወደ ማንም አያዳላም። በክር አስሬ አጠለቅሁት።

ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄ ገባን፦ ሁለቱ ሲገናኙ ለሰላምታ ቀድሞ ከወንበሩ የሚነሳው ማነው? ቀድሞ የተነሳ ጥፋቱን አመነ ማለት ነው፤ ሽምግልና የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በዕድሜ ስለሚበልጡ ሐጂ ይነሱ አልን። ሐጂ መካ ደርሰው የመጡ ሰው ስለሆኑ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ይነሱ አልን። በመጨረሻ እኩል ይነሱ አልን። እኩል መነሳት መቻሉን ለማረጋገጥ እኔና ምክትሌ ሽበሺ ቀኑን ሙሉ ስንነሳና ስንቀመጥ ዋልን።

የማኅበሩ አባል አደ ዘሀራ የለቀሙትን እሸት ቡና በጋሪ አስጭነው ሆቴሉ ደጅ የቆሙት ያን ዕለት ነው።

«እሱባለው፣ ማሎ፣ እባክህ ቁልፉን ስጠኝ። እሸቱ ካደረ ይቦካል።»

«አደ ዘሀራ፣ ቡና ይቦካል፤ ሰላም ግን አይቦካም!» አልኳቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ሰላሙን አንተ እጠበው፤ ቡናዬን ማን ይጠብልኝ?»

ወደ ስብሰባው ተመለስኩ። መልስ መስጠት ወደ ቡና ማዳላት ነው። በነጋታው ከደጅ የእርሾ ሽታ ሲመጣ የውጭ ተጽዕኖ እንዳይገባብን መስኮቱን ዘጋን።

ከዚያ ገለልተኞቹ ለሁለት ተከፈልን፤ ሐጂ ይነሱ ባዮችና ጋሽ ይነሱ ባዮች። ሽበሺ የራሱን ሰዎች ይዞ ማዶ ያለው ሆቴል ገባ። እኛም ሰላምታ ነፈግናቸው። ስለዚህ ገለልተኞቹን የሚያስታርቁ፣ ከገለልተኞች የገለሉ ገለልተኞች ተመረጡ። እነሱም ሆቴል ያዙ። ከተማዋ ሆቴል አለቀባት።

ሁለቱን መሪዎች ለምን ጠርታችሁ አላነጋገራችሁም የሚል የዋህ አይጠፋም። በተጣሉ ሰዎች ፊት ስለ ሰላም እንዴት ይወራል? ስብሰባችን እስኪያልቅ ከሁለቱም ወገን ማንም ድርሽ እንዳይል ለጥበቃው ጥብቅ መመሪያ ሰጠን።

በሳምንቱ መጨረሻ ተነስቼ ንግግር አደረግሁ። እንዲህ ያለ ንግግር ጄኔቫ ውስጥ ቢደረግ ኖሮ ዓለም ዛሬ ወታደር ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። አስተናጋጇ አለቀሰች። ውጭ የታሰረች በቅሎ ሣር መብላቷን አቋርጣ ጆሮዋን አቆመች። ገና ሳልጨርስ በሩ ተበረገደ፤ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስና ሐጂ ጠሃ ከአንድ ባጃጅ ወርደው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቆመዋል! ንግግሬ ግድግዳ ሰንጥቆ ልባቸው ገብቷል። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው።

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ከተማችን ባለው ጊንጆ ካፌ ተቀምጬ ይህንኑ ለወዳጆቼ ስተርክ፣ አደ ዘሀራ ከጎናችን ሻይ ይጠጡ ነበር። ምስክር ከሰማይ ወረደልኝ።

«አደ ዘሀራ፣ እስቲ ይንገሯቸው! ማን አስታረቃቸው?»

«ማንም» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናንተ ስብሰባ በገባችሁበት ቀን የሐጂ ባለቤት አሟት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ሊጠይቋት ሄዱ። እዚያው አልጋዋ አጠገብ ተሳሳቁና አለቀ። በነጋታው አብረው ቁልፉን ሊወስዱ መጡ። ጥበቃው ‹ሽምግልና ላይ ናቸው፣ አይገባም› ብሎ መለሳቸው። ከዚያም በየቀኑ መጡ፣ በየቀኑ መለሳቸው። በመጨረሻ ጥበቃው ምሳ ሲበላ ነው በሩን ገፍተው የገቡት። የኔን ቡና ያን ጊዜ ደፍቼው ነበር።»

ወዳጆቼ ዞረው አዩኝ።

«እነሱማ ታርቀው ነበር፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ አደ ዘሀራ ሻያቸውን እያነሱ። «እኛ ያጣነው ከእናንተ ጋር የሚያስታርቀን ሰው ነው።»