ለኳስ የተሳለ ጥላ

ለመሆኑ እግዜር የኳስ ቡድን ይደግፋል? እኔ አላውቅም፤ እህል በረንዳ ውስጥ ግን የሚያውቁ ሰዎች ሞልተዋል። አንዱ የሱቅ ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ጤፍ በጅምላ ይሸጣሉ።

ባለፈው እሁድ የሚደግፉት የእንግሊዝ ቡድን እንዲያሸንፍላቸው ለደብራችን ወርቀ ዘቦ ጥላ ሊያስገቡ ተሳሉ። ችግሩ፣ ፊት ለፊታቸው ባቄላ የሚሸጡት ጋሽ ተካ የተጋጣሚው ደጋፊ ናቸው። ይህን ሲሰሙ ለዚያው ታቦት ጥላና ምንጣፍ ተሳሉ። ጋሽ ወልዴ መጋረጃ ጨመሩ፤ ጋሽ ተካ ደወል አሉ። ስለት መሆኑ ቀርቶ ጨረታ ሆነ።

ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ።

«ታዲያ ጋሽ ወልዴ፣ ታቦቱ ማንን ሰማ?» አልኳቸው በማግስቱ።

«ሁለታችንንም ሰምቷል» አሉኝ ኮስተር ብለው። «ግን ዋጋው እንዲህ እየወጣ ማን ቸኩሎ ይሸጣል? ይዞ እየጠበቀ ነው።»

ከኋላቸው መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ጤፍ ተደርድሮበታል። ደንበኛ ሲመጣ «ጤፍ ጠፍቷል» ማለት ከጀመሩ ሳምንት ሆኗቸዋል።

ሰው በእግዜር አምሳል መፈጠሩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬያለሁ። እግዜር በጋሽ ወልዴ አምሳል መፈጠሩን ግን ገና ያን ቀን ሰማሁ።